ሽምብራ በአንድ ጥማድ፦ ከዋልካው እስከ ጎታው

እኛ ወሎ ውስጥ ሽምብራን ብዙ ጊዜ የምንዘራው በተረፈ መሬት፣ በተረፈ ጊዜ፣ በተረፈ ዘር ነው። መጀመሪያ ጤፉ ይዘራል፣ ስንዴው ይዘራል። በሬው ትንፋሹን ሲሰበስብ «እስኪ ያቺን ዋልካ ሽምብራ እንጣልባት» ይባላል። መጣል! ከዚያ ጥር ላይ ከጥማዱ ሁለት ሦስት ኩንታል ሲገኝ ጥፋቱ የሽምብራው ይሆናል። «ይሄ መሬት ሽምብራ አይወድም» ተብሎ ወሬው ያልቃል።

ይወዳል እንጂ። በደንብ ከተያዘ ከአንድ ጥማድ አምስት ስድስት ኩንታል ማንሳት ብርቅ አይደለም። እዚህ የምጽፈው ሐይቅ አካባቢ ባለችኝ ዋልካ (ጥቁር ጭቃማ መሬት) ላይ ተሳስቼ፣ ታርሜ፣ እንደገና ተሳስቼ የያዝኩትን ነው። ጥማድ ስል ሩብ ሄክታር ማለቴ ነው፤ ቁጥሮቹን በየመሬታችሁ ልክ አብዙ ወይም ቀንሱ።

ከሁሉ በፊት አንድ ነገር ያዙልኝ። ሽምብራ ውሃ ይጠላል፣ እርጥበት ይወዳል። ሥሩ ላይ ውሃ ከተኛበት በጥቂት ቀን ይበሰብሳል። በሌላ በኩል ደግሞ ዝናብ ከወጣ በኋላ ሦስት ወር ከዚያም በላይ ቆሞ የሚያድገው አፈሩ ውስጥ በቀረው እርጥበት ብቻ ነው። የሥራው ሁሉ ብልሃት በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለችውን ጠባብ ጊዜ ማግኘት ነው።

መሬቱን መምረጥና ማዘጋጀት

ጥቁር ዋልካ ያላችሁ ሰዎች ታድላችኋል። በበጋ እግር የሚያስገባ ስንጥቅ የሚያወጣው፣ በክረምት ጫማ የሚነጥቀው ያ አፈር፣ ለሽምብራ ግን ጎተራ ነው፤ ውሃ ያስቀምጥለታል። ከኮምቦልቻና ከሐይቅ ዙሪያ አንሥቶ እስከ ጃማ ሜዳ ድረስ እንዲህ ያለ መሬት ሞልቷል። ወይና ደጋው ይስማማዋል። ደጋ ላይ የምትዘሩ ከሆነ የሚያስፈራችሁ ውርጭ ነው፤ ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ አበባውን ከመታው ፍሬ አይቋጥርም። ስለዚህ ብርድ የሚተኛበትን ረባዳ ትታችሁ ትንሽ ዘንበል ያለውን ምረጡ። አሸዋማና ቀይ መሬት ላይም ይበቅላል፤ ግን ቶሎ ስለሚደርቅ ቀደም ብሎ መዝራት ያስፈልጋል።

አምና ሽምብራ፣ ምስር ወይም ጓያ የነበረበት ማሳ ላይ አትዝሩ። አጠውላጊ የሚባለው በሽታ አፈር ውስጥ ለዓመታት ይቆያል። ጤፍ፣ ስንዴ ወይም ማሽላ የነበረበት ይሁን፤ ሦስት ዓመት አሳልፎ መመለስ ጥሩ ነው። ሽምብራው ከተነሣ በኋላ የሚዘራው ስንዴ ወይም ጤፍ ደግሞ ሲለመልም ታዩታላችሁ። ሽምብራ ከአየር ናይትሮጅን ስቦ አፈሩን ስለሚያግዝ ነው።

ሁለቴ ሦስቴ ማረስ ይበቃል። እንደ ጤፍ አፈሩ ዱቄት መሆን የለበትም፤ ጓል ቢኖርም ግድ የለም። ዋናው ውሃ ማስወጣቱ ነው። በክረምቱ መሃል ማሳው ላይ ፈሰስ አውጡለት፤ ውሃው ወደ ጎረቤት ሳይሆን ወደ መውረጃው ይሂድ (በዚህ ምክንያት ስንት ወንድማማች ሽማግሌ ፊት ቆሟል)። ቢቢኤም የሚባለውን መደብ አውጪ ማረሻ ማግኘት ከቻላችሁ በጣም ጥሩ ነው። 80 ሳንቲ ሜትር መደብ፣ 40 ሳንቲ ሜትር ቦይ ያወጣል። ውሃው በቦዩ ይሄዳል፣ ሽምብራው ከፍ ብሎ ይቀመጣል። ቢቢኤም ከሌለ በተለመደው ማረሻ ሰፋ ሰፋ አድርጎ ትልም ማውጣትም ይሠራል።

ዘሩ

ሽምብራ ሁለት ዓይነት ነው። አንደኛው የምናውቀው ትንሹ፣ ቡናማው፣ ቆዳው ሸካራው ነው፤ ዴሲ ይሉታል። ሁለተኛው ነጣ ያለው፣ ትልቁ፣ ካቡሊ የሚባለው ነው። ገበያ ላይ ዋጋ የሚያወጣው ብዙ ጊዜ ካቡሊው ነው። ለቤት፣ ለሽሮ፣ ለቆሎ ከሆነ እኔ ዴሲውን አልለውጠውም። ከተሻሻሉት ውስጥ ከደብረ ዘይት ምርምር የወጡት ናቶሊ (ዴሲ)፣ አረርቲና ሀብሩ (ካቡሊ) በደንብ ይታወቃሉ። ሀብሩ መቼም ስሙ የሰሜን ወሎው ወረዳ ነው፤ ለዚያ ብቻ ብሎ የገዛ ሰው አውቃለሁ። ለእናንተ ቀበሌ የትኛው እንደሚሻል ግን የግብርና ባለሙያውን ጠይቁ፤ ስሪንቃ ያለው የምርምር ማዕከልም የቆመው ለእኛ አካባቢ ነው።

የገበያ ዘር ስትገዙ ተጠንቀቁ። እኔ አንድ ዓመት «ምርጥ ዘር ነው» ተብዬ ከአንድ ነጋዴ 30 ኪሎ ገዛሁ። ላዩ ያማረ ነበር። ከረጢቱን ስገለብጠው ግማሹ የተበሳ፣ ከሥሩ ደግሞ ጓያ የተቀላቀለበት። ገንዘቤን ብጠይቅ «አንተ አይተህ ነው የገዛኸው» አለኝ። እውነቱን ነው፣ ያየሁት ላዩን ነው። አሁን ክንዴን እስከ ክርኔ አስገብቼ ከታች ዘግኜ ሳላይ አልገዛም።

ከዚያ የብቅለት ሙከራ አድርጉ። አንድ መቶ ፍሬ ሳትመርጡ ቆጥራችሁ እርጥብ ጨርቅ ላይ ደርድሩ፣ ጠቅልሉት፣ ሞቅ ያለ ቦታ አስቀምጡት። እንዳይደርቅ ውሃ እየረጫችሁ አንድ ሳምንት ጠብቁ። 85ና ከዚያ በላይ ካበቀለ ግሩም ነው። 70 አካባቢ ከሆነ የዘሩን መጠን ጨምሩ። ከ60 በታች ከሆነማ ዘር አይደለም፣ ቆሎ ነው፤ ምጣድ ጣዱ። (መድኃኒት የተቀባ ዘር ከሆነ ግን በፍጹም አይበላም፣ ለዶሮም አይሰጥም።)

መጠኑ በመስመር ለመዝራት ዴሲው በጥማድ 30 ኪሎ አካባቢ፣ ካቡሊው ፍሬው ትልቅ ስለሆነ 35 ኪሎ አካባቢ ነው። ብትን ከሆነ ትንሽ ይጨምራል።

መቼ ነው የሚዘራው?

አሁን ወደ ቁም ነገሩ መጣን። በእኛ አካባቢ ከነሐሴ መጨረሻ እስከ መስከረም አጋማሽ ነው። ግን ቀን ቆጥሮ መዝራት ዋጋ ያስከፍላል። እኔ አንድ ዓመት ሥራ ለመጨረስ ቸኩዬ ነሐሴ 12 ዘራሁ። ማሳው ላይ ገና ውሃ ነበረ። ሳምንት ሙሉ ዘነበ። የበቀለው ቢጫ ሆኖ ወጣ፣ ከዚያ ተኛ፣ ከዚያ ጠፋ። በማግስቱ ዓመት ያንን ፈርቼ መስከረም 28 ዘራሁ። ይሄኛው ደግሞ በቀለ፣ ስንዝር አደገ፣ ኅዳር ላይ አፈሩ ሲሰነጠቅ አብሮ ቆመ። በአንድ ግንድ ሦስት አራት እንቡጥ (ፍሬውን የሚይዘው ቆብ)! ቆሎ እንኳ አልወጣውም።

ያን ጊዜ ነው የመሬት ጎረቤቴ፣ ሸምገል ያሉ ሰው፣ ማሳው ዳር ቆመው ያዩኝ።

«አንተ ልጅ፣ ዋልካውን ሳትጠይቀው ነው እንዴ የዘራኸው?»

«እንዴት ነው የሚጠየቀው አባባ?»

«አብሽር፣ መስከረም ላይ አሳይሃለሁ» አሉኝ። አልረሱትም። በዓመቱ ጳጉሜን ላይ መጥተው መጀመሪያ ተረከዛቸውን ማሳው መሃል ተከሉና አነሡት። ጉድጓዱ ውስጥ ውሃ ቀስ ብሎ አቀረረ። «ገና ነው» ብለው ሄዱ። መስከረም 5 ተመለሱ። አሁን ውሃ የለም። በእጃቸው አንድ ጋት ያህል ቆፍረው ከውስጥ አፈር አወጡ፣ ጨበጡት። እጃቸውን ሲከፍቱት አፈሩ እንደ ድፍን ዳቦ ቆሟል፣ መዳፋቸው ላይ ግን አልተጣበቀም። በአውራ ጣታቸው ሲነኩት ተፈረካከሰ። «በል በሬህን ጥመድ፣ ነገ አትበል» አሉኝ።

ይኸው ነው። ጨብጣችሁ መዳፍ ላይ ከተለጠፈ ጠብቁ። ሲጨበጥ ከቆመና ሲነካ ከተፈረካከሰ ዝሩ። ጭራሽ አልጨበጥ ካለ ዘግይታችኋል፤ ያኔ ጠለቅ አድርጋችሁ ዝሩ፣ ወይም ዘሩን ለከርሞ አስቀምጡት። የወሎ ዝናብ ሲወጣ ሳይሰናበት ነው የሚወጣው፤ ስለዚህ አፈሩ ከተዘጋጀ በኋላ እያንዳንዱ ቀን ዋጋ አለው። መደብ የተሠራለት ማሳ ቶሎ ስለሚጠነፍፍ ከሌላው ቀድማችሁ ትዘራላችሁ። የመደቡ ትልቁ ጥቅም ይሄ ነው።

አዘራሩ

በመስመር ዝሩ። በመስመርና በመስመር መካከል 30 ሳንቲ ሜትር፣ ማለትም ስንዝር ተኩል ያህል። በዘርና በዘር መካከል 10 ሳንቲ ሜትር፣ አንድ ጋት። ጥልቀቱ ከ5 እስከ 8 ሳንቲ ሜትር፤ ላዩ መድረቅ ከጀመረ ወደ ታች ይጠጋ። ወዲያው አፈር አልብሱት። «በመስመር ጊዜ ይፈጃል» የሚል ሰው አለ። ይፈጃል። ግን አረም ሲመጣ ያንን ጊዜ ትመልሱታላችሁ፣ ደግሞ ዘር ይቆጥባል።

ማዳበሪያ ኤንፒኤስ በጥማድ 25 ኪሎ አካባቢ በመስመሩ ይደረግና ዘሩን እንዳያቃጥለው ትንሽ አፈር ይለይበታል። ዩሪያ አትስጡት። ቅጠል ብቻ ይሆንላችኋል፣ ሥሩ ላይ ሆነው ናይትሮጅኑን ከአየር የሚስቡለት ባክቴሪያዎችም ይሰንፋሉ።

ስለ ባክቴሪያ ካነሣን፣ እነዚሁ ባክቴሪያዎች ያሉበት ሕያው ማዳበሪያ የሚባል አለ። ጥቁር ዱቄት ነው፣ በትንሽ ከረጢት ይመጣል፤ 125 ግራሙ ለአንድ ጥማድ ነው። ዋጋው ከሌላው ማዳበሪያ ጋር ሲተያይ ምንም ማለት አይደለም። ግን ሕይወት ያለው ነገር ስለሆነ አያያዙ ላይ ነው ሰው የሚሳሳተው። የሽምብራ መሆኑን ከረጢቱ ላይ አንብቡ፤ የባቄላው ለሽምብራ አይሠራም። የአገልግሎት ጊዜውንም እዩ። ከዚያ ዛፍ ጥላ ሥር ዘሩን ጆንያ ላይ ዘርጉ። ሁለት ማንኪያ ስኳር በትንሽ ውሃ በጥብጣችሁ ዘሩ ላይ እርጩት፣ እርጥብ ይበል እንጂ አይጥለቅለቅ። ዱቄቱን በትኑበትና ቆዳው እንዳይላጥ በቀስታ እሹት። እያንዳንዷ ፍሬ ጥቁር ካባ ስትለብስ ለጥቂት ደቂቃ ጥላ ላይ ይጠፍፍ፣ በዚያው ቀን ዝሩት። ፀሐይ ካገኘው ባክቴሪያው ይሞታል። የፈንገስ መድኃኒት ከተቀባ ዘር ጋርም አታቀላቅሉት።

ሠርቶ እንደሆነ ማወቅ ትችላላችሁ። አበባ ሊጀምር ሲል አንዱን ግንድ ከነአፈሩ በዶማ አንሡና ሥሩን እጠቡት። የተንጠለጠሉ እብጠቶች ታያላችሁ። አንዱን በጥፍራችሁ ሰንጥቁት። ውስጡ ሮዝ ወይም ቀላ ያለ ከሆነ እየሠራ ነው። ነጭ ወይም አረንጓዴ ከሆነ እንግዳው አልተመቸውም ማለት ነው።

አረም፣ ትልና እሸት በሊታ

የመጀመሪያው አረም በበቀለ በሦስት አራት ሳምንቱ፣ ሁለተኛው አበባ ሳይጀምር ነው። ከአበባ በኋላ ለአረም አትግቡ፤ አበባው ይረግፋል። ቅንጬ አረም ያለበት አካባቢ ከሆናችሁ ሳያብብ ንቀሉት፣ ሰውነት ስለሚያሳክክ እጃችሁን ጨርቅ አልብሱ። ጠዋት በጤዛ ሽምብራ ውስጥ የገባ ሰው ደግሞ ያውቀዋል፤ ቅጠሉ የሚያወጣው ኮምጣጣ ነገር የተሰነጠቀ እግርን ያቃጥላል። ጣታችሁን ላስ ብታደርጉት ሎሚ ነው። ጤዛው ሲደርቅ ግቡ።

ዋናው ጠላት ጓይ ትል ነው። እንቡጡን ክብ አድርጎ ይበሳውና ጭንቅላቱን አስገብቶ ግማሽ አካሉን ውጭ ትቶ ይበላል። እንቡጥ መያዝ ሲጀምር በየሦስት ቀኑ ማሳውን አቋርጣችሁ ሂዱ፣ መስመሩን ገለጥ ገለጥ እያደረጋችሁ እዩ። በአንድ ሜትር አንድ ሁለት ትል ካገኛችሁ ዝም አትበሉ። አነስተኛ ማሳ ከሆነ በእጅ መልቀም ይቻላል፤ ልጆች አሉ፣ ዶሮ አለ። ማሳው መሃል እዚህም እዚያም ዘንግ ብትተክሉ ወፍ ያርፍበትና ትሉን ይለቅምላችኋል። ኬሚካል የግድ ከሆነ ባለሙያ አማክሩ፣ ንብ ከገባች በኋላ ወደ ማታ እርጩ። አንድ ነገር ግን አደራ። ሽምብራ በእሸቱ ጥሬውን የሚበላ እህል ነው። እረኛው ይበላል፣ የተማሪ ቤት ልጅ ይበላል፣ እናንተም ትበላላችሁ። የተረጨ ማሳ ላይ ቀይ ጨርቅ ስቀሉ፣ ለሰፈሩ ልጆች በአፋችሁ ንገሩ።

ግንዱ አረንጓዴ ሆኖ ሳለ በድንገት የሚጠወልግ ካያችሁ ንቀሉትና ከሥሩ በላይ ለሁለት ሰንጥቁት። መሃሉ ላይ ጠቆር ያለ መስመር ካለ አጠውላጊ ነው። መድኃኒት አትፈልጉለት። ንቀሉ፣ አቃጥሉ፣ ማሳውንም ለዓመታት ከሽምብራ አሳርፉት።

ስለ እሸት ካነሣሁ አይቀር። አላፊ አግዳሚ አንድ ሁለት ግንድ ነቅሎ እየፈለፈለ ቢሄድ በእኛ አገር ማንም አይቆጣም። ችግሩ በሸክም የሚሄደው ነው። ሌሎቹ እህሎች ተሰብስበው ከብት ሲለቀቅ ደግሞ ሜዳው ላይ አረንጓዴ የቀረው የእናንተ ሽምብራ ብቻ ይሆናል። ብዙ ሰው ሽምብራ የሚተወው በበሽታ ሳይሆን በዚህ ነው። መፍትሔው ብቻችሁን አለመዝራት ነው። ከመሬት ጎረቤቶቻችሁ ጋር ተመካክራችሁ ኩታ ገጠም ዝሩ፤ ጥበቃውን በተራ ትይዙታላችሁ። ዳር ዳሩን ሱፍ መዝራትም ከድሮ ያለ ብልሃት ነው። እሾኹ ከብቱን ያስቆመዋል፣ ፍሬው ደግሞ ለፍትፍት ይሆናል።

መንቀልና መውቃት

ቅጠሉ ቢጫ ሆኖ ሲረግፍ፣ እንቡጡ ሲወዘወዝ ሲንኳኳ ደርሷል። እንደ ዘሩ ዓይነትና እንደ ቦታው ከሦስት ወር ተኩል እስከ አራት ወር ይፈጃል፤ ከታኅሣሥ መጨረሻ እስከ ጥር ማለት ነው። ጠዋት ንቀሉት፣ በቀትር ከሆነ እንቡጡ ይረግፋል። ቅጠሉ ያቃጥላል ያልኩትን አትርሱ፣ እጃችሁ ላይ ጨርቅ ጠምጥሙ። ጥቂት ቀን ተከምሮ ይድረቅና በእበት በተለቀለቀ አውድማ ወይም በሸራ ላይ ይወቃ። ባዶ መሬት ላይ ከወቃችሁት ጠጠሩን የሚለቅመው የቤት ሰው ነው፣ እርግማኑም ከዚያ ይመጣል። ገለባውን አትጣሉ፤ በጉም በሬውም ይወደዋል።

ማስቀመጥ

ሽምብራን ጎታ ውስጥ የሚጨርሰው ነቀዝ ነው። ከማሳ ይዞት የሚገባውም አለ። ስለዚህ በደንብ ፀሐይ ላይ አስጡት፤ በጥርስ ሲነከስ ቀጭ ብሎ መሰንጠቅ አለበት፣ ጥርስ ከገባበት ገና ነው። ከዚያ ሦስት ድርብ ያለው ፒክስ ከረጢት ውስጥ ጨምሩት። የውስጠኛውን ፕላስቲክ አየሩን አስወጥታችሁ ጠምዝዛችሁ እሰሩ፣ ሁለተኛውንም እንደዚያው፣ የውጭውንም። ውስጥ የቀረ ነቀዝ አየር አጥቶ ይሞታል። ዛሬ አስራችሁ ነገ ለቆሎ ከፈታችሁት ግን ልፋቱ ከንቱ ነው፤ ለዕለት የሚሆነውን ለይታችሁ አስቀምጡ። ከረጢቱን ከግድግዳ ራቅ አድርጋችሁ እንጨት ላይ አኑሩት፣ አይጥ ከበሳችው አየር ይገባል።

የነቀዝ ክኒን የሚባለውን ሰው የሚተኛበት ቤት ውስጥ አታስገቡ። የሚያወጣው ጋዝ ነቀዝንም ሰውንም አይለይም። ጎጆ ውስጥ፣ አልጋ አጠገብ ባለ ጎታ ላይ የሚጨምሩ አሉ፤ በእግዚአብሔርም በአላህም ይሁንባችሁ፣ አታድርጉት።

ለቤት የሚሆነው መቼም ብዙ ነው። ቆሎው ለቡና፣ ንፍሮው ለልጆች፣ ክኩ፣ በጾም የሽምብራ አሳው። ሽሮውን ለማዘጋጀት ለቀም ለቀም ተደርጎ ይታጠባል፣ ገርፎ ይቆላል፣ ይከካል፣ ገለፈቱ ይበጠራል፣ በርበሬው፣ ነጭ ሽንኩርቱ፣ ኮረሪማው፣ በሶብላው ተጨምሮ ወፍጮ ቤት ይሄዳል። ዝርዝሩን እናቶች ከእኔ የተሻለ ያውቁታል፣ አልደፍርም።

ከመሸጣችሁ በፊት ግን ለከርሞ ዘር አስቀሩ። ማሳው ላይ ሳለ ጤነኛውንና እንቡጥ የበዛበትን ጥግ ለይታችሁ ብቻውን ንቀሉት፣ ብቻውን ውቁት። ለአንድ ጥማድ ከ30 እስከ 35 ኪሎ ነው፤ ለመተኪያ 5 ኪሎ ጨምሩ። ከረጢቱ ላይ በከሰል «ዘር» ብላችሁ ጻፉ። እኔ ካቻምና ጽፌ ነበር። ሐምሌ ላይ ሽሮ ሲያልቅ ባለቤቴ ከሥሩ «የማን?» ብላ ጻፈችበትና ግማሹን አስፈጨችው። አሁን የዘሩ ከረጢት ወንድሜ ቤት ነው ያለው።